ሰርቨሩ አይጠፋም

ዘበኛዋ ከሦስት ቀን ፈቃድ ተመልሳ የሰው ሠራሽ እግር ማምረቻውን ደጃፍ በረገጠች ጊዜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ቁጣው ግን ከእርሷ ቀድሞ ገብቶ፣ አግዳሚ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ጠበቃት። በመጠበቂያው ክፍል ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ክራንቻቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ሁሉም ወደ አንድ ግድግዳ አፍጥጠዋል። በግድግዳው ላይ እንደ በር የሰፋ ስክሪን ተሰቅሏል፤ በስክሪኑም ላይ የማምረቻው ሥራ አስኪያጅ ቀይ ሪባን ይቆርጣል፤ ያጨበጭቡለታል፤ ጭብጨባው ሲያበቃ እንደገና ከመጀመሪያው ይቆርጣል።

ዘበኛዋ ብለው የሚጠሯት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። የግቢ ጠባቂ አይደለችም፤ የምትጠብቀው በኮሪደሩ መጨረሻ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሳያቋርጥ የሚያጉረመርመውንና የማምረቻውን መዝገብ የያዘውን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን ነው። ጀሶ የነካው ጫማ አድርጎ የሚመጣውን ሁሉ ከደጅ ትመልሳለች። አንድ ጊዜ በሰርቨሩ ላይ የሻይ ብርጭቆ ያስቀመጠ ሰው ተገኝቶ፣ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ በኩል ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል። ስሙን ያወጡላት ሊሰድቧት አስበው ነበር፤ እርሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው።

በአንድ እጃቸው በትር ይዘው፣ ሌላውን በትከሻዋ ላይ አሳርፈው ከኋላዋ የሚከተሏት ሽማግሌ አባቷ ናቸው። ማምረቻውን የመሠረቱት እርሳቸው ሲሆኑ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሰው አካል የቀረውን በመዳፋቸው አቅፈው ሲለኩ ኖረዋል። ዓይናቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት ሆነ። እነዚህን ሦስት ቀናት አባትና ልጅ ያሳለፉት በሐኪም ቤት ነበር፤ ሐኪሙም በመጨረሻ «ከእንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አላቸው። ይህ ሐኪሞች «አይሆንም» ማለት ሲያፍሩ የሚናገሩት ቃል እንደ ሆነ ሽማግሌው አላጡትም፤ «ፈቃዱማ ምንጊዜም ነበረ» ብለው ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

«መጣሽ?» አለች በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች ልብስ አጣቢ፤ የተሰነጠቀውን እግሯን አውልቃ እንደ ሕፃን በጭኗ ላይ አስተኝታዋለች። «እግር ፍለጋ ብመጣ ሲኒማ አስገቡኝ! ትናንት ይኸው፣ ከትናንት ወዲያም ይኸው። ያ ሰውዬ ያችን ጨርቅ ቆርጦ አይጨርሳትም?»

«ልኬትሽ መዝገብ ላይ አለ እኮ። ለምን አልሠሩልሽም?»

«መዝገቡ አይከፈትም ይሉኛላ! ‹ማሽኑ ሞልቷል› ይሉኛል። እኔ ባዶ ሆዴን በአንድ እግር እየዘለልሁ፣ ማሽኑ ጠገበ?»

ሽማግሌው ጆሮአቸውን አዘነበሉ። «ይህች የግራ እግር ናት። ከጉልበት በታች። ልብስ የምታጥበዋ አይደለችም?»

«ነኝ፣ አባባ። ድምፄን ነው ያወቁት ወይስ ስድቤን?»

«ሁለቱም አልተለወጡም» አሉና ልጃቸውን በክርናቸው ገፋ አደረጓት። «ሂጂ እይው። እኔ ግድግዳውን ይዤ እደርሳለሁ።»

በዚያ ማምረቻ አንድ የቆየ ልማድ አለ። እግር ሲሠራ በመጀመሪያ ከሰውየው እግር የቀረው በጀሶ ይቀረጻል፤ በቅርጹ ላይም እግሩ የሚገባበት ጎድጓዳ ይበጃል። ሥራው አልቆ ባለቤቱ ከተረከበው በኋላ፣ በወሩ የመጨረሻ ዓርብ ቅርጹ በመዶሻ ይሰበራል፤ መደርደሪያው ጠባብ ነውና። «የተረከበ ይሰበር» የምትለው ሕግ ከመደርደሪያው በላይ በቀይ ቀለም ተጽፋለች። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሰው በማምረቻው የሚቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ርዝመቱ፣ በየሦስት ጣቱ የተለካ ዙሪያው፣ አጥንቱ የሚቆረቁርበት ስፍራ፣ ሲራመድ የሚያዘነብልበት ወገን። ሽማግሌው ይህን ሁሉ በደብተር ይጽፉት ነበር። ደብተሮቹን ምስጥ ሲጀምራቸው ልጃቸው አራት ዓመት ተቀምጣ ከገጾቻቸው ፎቶግራፍ ጋር አንድ በአንድ ወደ ሰርቨሩ አስገባቻቸው፤ ምስጡ የበላውን አባቷ ከትዝታቸው ሞሉላት። ዛሬ ደብተሮቹም የሉም፣ የሽማግሌው ትዝታም እንደ ዓይናቸው ሳስቷል። አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ፋይል ውስጥ ተሰብስቦ ይኖራል።

ዘበኛዋ በሩን ከፍታ ገባች፤ ወንበሩ ለእርሷ ከሚመቸው ዝቅ ብሎ አገኘችው። ሌላ ሰው ተቀምጦበታል ማለት ነው። ጥርሷን ነክሳ ጥቁሩን ስክሪን አበራችና በመጀመሪያ ስለ ዲስኩ ጠየቀች። መቶ በመቶ ሞልቷል፤ አንዲት ፊደል የምታስገባ ቀዳዳ የለችም። ስትሄድ ሲሶው ባዶ ነበር።

«ማነው የጠቀጠቀህ?» አለችው።

ፈልጋ ለማግኘት ብዙ አልደከመችም። «ለእንግዶች» የሚል አዲስ ማውጫ ተከፍቶ፣ ዐሥራ አራት የቪዲዮ ፋይሎች ገብተውበታል፤ ሁሉም እርሷ በወጣችበት ዕለት የገቡ ናቸው። ሪባን የሚቆረጥበት፣ ችግኝ የሚተከልበት፣ ንግግር የሚደረግበት። በመጠበቂያው ክፍል ያለው ስክሪን የሚያሳየው ከዚህ እየሳበ ነው። ደሟ ፈላ፤ ሆኖም የሠለጠነ ሰው የመጀመሪያውን ጥፋተኛ ሲያገኝ ፍለጋውን አያቆምምና፣ በየማውጫው ያሉትን ፋይሎች መጠን አስደመረች።

ድምሩ አልገጠመም። ጎተራው ሙሉ ነው ይላል፤ በውስጡ ያለውን ሲሰፍሩት ግን ይጎድላል።

እጇ ከኪቦርዱ ላይ ተነሣ። ይህ አለመግጠም ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃለች። ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት ጠባዩ እንዲህ ነው፦ ሰው ፋይል አጠፋሁ ሲል የሚያጠፋው ስሙን ነው። አንድ ፕሮግራም ያንን ፋይል ከፍቶ ይዞት እንደ ሆነ፣ ስሙ ከማውጫው ቢፋቅም ሥጋው በዲስኩ ላይ ይኖራል፤ ፕሮግራሙ እጁን እስኪፈታ ድረስም ቦታውን አይለቅም። ሰርቨሩ ጠፍቶ የተነሣ እንደ ሆነ ግን ፕሮግራሞቹ ሁሉ እጃቸውን ይፈታሉ፤ ያን ጊዜ ስም የሌለው ሥጋ ትቢያ ይሆናል፤ የሚያስነሣውም የለም።

ስማቸው ተፍቆ ገና የተያዙ ፋይሎች ካሉ እንዲያሳያት አዘዘች። አንድ መስመር ብቻ መጣላት። የፋይሉ ስም «ልኬት»። አጠገቡ «ተሰርዟል»። የያዘው፦ የመዝገቡ ፕሮግራም።

ለትንፋሽ ያህል ጊዜ በረዶ ሆነች፤ ከዚያ በኋላ እሳት። አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ፕሮግራም ጣት ላይ ተንጠልጥሏል። ወደ ኋላ ሄዳ የተሰጡትን ትእዛዞች አነበበች። ትናንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሁሉ በላይ በሆነው የይለፍ ቃል የገባ ሰው፣ «ልኬት»ን አጥፋ ብሎ አዟል። ያ የይለፍ ቃል ያለው በሁለት ስፍራ ነው፤ በእርሷ ራስ ውስጥና «ለክፉ ቀን» ተብሎ በታሸገ ፖስታ በሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። የገባው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ታላቅ ወንድሟ። አዲስ ልብስ ለብሷል፤ ክራቫቱ አንገቱን አንቆታል። ሠራተኞቹ በሌለበት «አጥፍቶ አብሪ» ይሉታል፤ ማተሚያው ወረቀት ሲነክስ አጥፍታችሁ አብሩት፣ የውኃው ሞተር ሲያስነጥስ አጥፍታችሁ አብሩት ከማለት በቀር ሌላ መድኃኒት አይታዘዝለትም። አንድ ጊዜ ራስ ምታት የያዘውን ሠራተኛ «ሄደህ ተኛና ተነሣ» ብሎታል ይባላል።

«መጣሽ? ጎሽ። አጥፍተሽ አብሪው» አላት።

«ጋሼ፣ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚህ ወንበር ላይ ማን ተቀመጠ?»

«ምርመራ ነው እንዴ? አባዬ እንዴት ሆኑ እንኳ ሳትነግሪኝ! ማምረቻውን የሚጎበኙት እንግዶች ስድስት ሰዓት ላይ ይገባሉ። አጥፊው፣ አብሪው፣ በቃ።»

«ማን ተቀመጠ አልኩህ?»

«ብቀመጥስ? ፖስታው መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ለጌጥ ነው? ዲስኩ ሞላ፤ አንቺ የለሽም፤ ሰው በር ላይ ይጮኻል። አሮጌውን ነገር አጠፋሁ። የተረገመ ማሽን ግን ቦታውን አልለቅም አለኝ። ለዚህ ነው ጠፍቶ ይብራ የምለው።»

«አሮጌው ነገር ምንድነው?»

«የተረከቡት ሰዎች ናቸዋ! እግራቸውን ወስደዋል፤ ቅርጻቸውን ሰብረናል፤ ቁጥራቸውን ታቅፈን የምንቀመጠው ለምንድነው? የተረከበ ይሰበር!» ይህን ሲል በእውነት ትክክል የሠራ ሰው ድምፅ ነበረው፤ ያም ነገሩን አከፋው።

ዘበኛዋ ተነሣች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ጋሼ» ስትለው የኖረችው አፏ አሁን ሌላ ቃል መረጠ።

«አቶ ሥራ አስኪያጅ» አለች ቀስ ብላ። «እግር እንደ ጫማ ያልቃል፤ ያንን ያውቃሉ? ውጭ የተቀመጠችው ሴትዮ እግሯ ተሰንጥቆ ነው የመጣችው። ሁለተኛ የሚሠራላት ከዚያ ቁጥር ነው። እርስዎ ለሪባንዎ ቦታ ፈልገው አራት ሺህ ሰው ነው የሰረዙት።»

«አታካብጂ። ቅጂ አለሽ አይደል? ዘወትር ቅጂ፣ ቅጂ፣ ቅጂ ትያለሽ።»

«የቅጂው ዲስክ ከተቃጠለ ስምንት ወሩ ነው! አራት ደብዳቤ ጻፍኩልህ፤ አራት! ዲስክ ግዛልኝ አልኩህ፤ ስክሪን ገዛህ። የሰርቨሩ ባትሪ ሞቷል፣ መብራት አንዴ ብልጭ ካለ አለቀልን አልኩህ፤ ‹ይታሰብበታል› ብለህ ፈረምክበት። እስቲ ንገረኝ፣ ምን ላይ አሰብክበት? መቀሱ ላይ?»

ፊቱ ደም መሰለ። «ድምፅሽን ቀንሺ! አለቃሽ ነኝ!»

«አለቃዬ ሁን፤ ግን ይህን ማሽን አትነካም። ፋይሉ አልሞተም፤ ፕሮግራሙ ይዞታል። ካጠፋኸው ግን አብሮ ይሞታል። ገባህ? የአባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ይሞታል።»

ነገሩ ቢገባው ኖሮ መልካም ነበር። ነገር ግን ሰው በስሕተቱ ላይ እፍረት ሲጨመርበት ጆሮው ይደፈናል። የጠፋ ነገር እንዴት አልሞተም ይባላል? እርሱ የሰማው እህቱ ከእንግዶቹ በፊት ልታዋርደው ተንኮል እየፈተለች መሆኑን ብቻ ነው። ፊቱን ወደ ኮሪደሩ መልሶ ጮኸ።

«ኤሌክትሪክ ሠራተኛው! ዋናውን ማብሪያ አውርደህ መልሰው! አሁኑኑ!»

ከኮሪደሩ ማዶ «እሺ ጌታዬ» የሚል ድምፅና የሚጎተት ቦቲ ጫማ ተሰማ። የመብራቱ ሣጥን ከሰርቨሩ ክፍል ሃያ እርምጃ ይርቃል። ወንድሟ በሩን በትከሻው ሞልቶት ቆሟል፤ እርሱን ገፍትራ ስታልፍ ሰውየው ይደርሳል። በሰውነቷ ያለውን ድምፅ ሁሉ አሰባስባ ጮኸች።

«አባዬ! የመብራቱን ሣጥን! ማንም እንዳይነካው!»

ሽማግሌው ግድግዳውን እየዳሰሱ በመምጣት ላይ ነበሩ። ለምን ብለው አልጠየቁም። ማምረቻውን ሲያሠሩ ያንን ሣጥን ያስተከሉት እርሳቸው ናቸውና፣ አራት እርምጃ ተራምደው ጀርባቸውን ለጠፉበት።

«አባባ፣ እባክዎ ዞር ይበሉልኝ» አለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፤ ጢሙ የሸበተ ትልቅ ሰው ነው። «ሥራ አስኪያጁ አዘውኛል።»

«ማዘዙን አላየሁም።»

«ሲጮኹ አልሰሙም?»

«ሲጮኽማ ከልጅነቱ ጀምሮ እሰማዋለሁ። አንተ ሰው፣ እኔን ከዚህ የምታነሣኝ ከሆነ እንደ ዕቃ ተሸክመህ ነው። ወገብህ ይችላል?»

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መፍቻውን ካንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ወገቤስ ይችል ነበር፤ ፊቴ ነው የማይችለው» አለና ከአጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

በክፍሉ ውስጥ ዘበኛዋ ወደ ኪቦርዷ ተመልሳለች። አሁን ነገሩ በቅደም ተከተል የሚሠራ ነው፤ አንዲት ስሕተት ሁሉን ትበላለች። በመጀመሪያ የመዝገቡን ፕሮግራም ባለበት አገደችው፤ አልዘጋችውም፣ ያለ መንቀሳቀስ አቆመችው እንጂ። የጨበጠውን እንደ ጨበጠ ደርቆ ቆመ። ቀጥላ በሰርቨሩ ውስጥ በሥራ ላይ ያለ እያንዳንዱ ፕሮግራም የያዘውን ወደሚያሳየው ማውጫ ገባች። እዚያ ስም አልባው ፋይል በቁጥር ብቻ ተመዝግቦ ተገኘ፤ ሰባተኛው። ከነፎቶግራፉ ሙሉ ነው፤ መጠኑ አልጎደለም።

«አለ» አለች ለራሷ። ከዚያ ግን ወደ ወንድሟ ዞረች። «ወደ አዲስ ስም እቀዳዋለሁ፤ የምቀዳበት ቦታ የለኝም። ከቪዲዮዎችህ አንዱ ይጠፋል። ምረጥ።»

«አታደርጊውም! ሌላ ቅጂ የለኝም!»

«እኔም የለኝም። ምረጥ።»

«እንግዶቹ የሚያዩት ምንድነው?»

«ሰው። ሃያ ሰው ውጭ ተቀምጧል። ምረጥ አልኩህ።»

ጣቱን በዐሥራ አራቱ የፋይል ስሞች ላይ ወደ ላይና ወደ ታች አመላለሰ። እርሷም አልታገሠችውም፤ በመጠኑ ከሁሉ የሚበልጠውን ፈለገች። አርባ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ያለ ወረቀት የተናገረበትና ዐሥራ አንድ ጊዜ «በመጨረሻም» ያለበት ንግግር ነው፤ ስክሪኑ እየደጋገመ የሚያሳየው የሪባን ቆረጣም የዚያው ፋይል መጀመሪያ ነው። አጠፋችው። የዲስኩን ሁኔታ እንደገና ጠየቀች።

መቶ በመቶ።

እርሷም እንደ መሳቅ አለች፤ ሳቁ ግን እንደ ሳል ደረቅ ነበር። «አየህ? አጠፋሁት፤ ቦታው ግን አልተለቀቀም። ለምን ይመስልሃል?»

ወንድሟ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ አየ።

«በመጠበቂያው ክፍል ያለው ስክሪንህ አሁንም እያጫወተው ስለሆነ ነው። ይዞታል። እስኪለቅ ድረስ አይሞትም። ትናንት ያንተን ትእዛዝ እንቢ ያለህም በዚሁ ምክንያት ነው። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ሲያድንህ ነበር።»

ያን ጊዜ በፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲወድቅ ታየ። ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረዳ፤ መረዳቱም አላማረበትም፤ ላቡ ከክራቫቱ ሥር ወጣ።

«ማጥፋት ትወዳለህ አይደል?» አለችው። «እንግዲያስ ሂድና አጥፋ። ስክሪኑን።»

«ሌላ ሰው ላኪ።»

«አንተ ሂድ!»

ሄደ። በመጠበቂያው ክፍል ሃያ ሰው እያየው በጣቶቹ ቆሞ ወደ ስክሪኑ ተንጠራራ፤ ግዙፉ ምስሉ ከራሱ በላይ ሪባን እየቆረጠ ሳለ ቁልፉን ተጫነ። ግድግዳው ጠቆረ። ከመስኮቱ በኩል ልብስ አጣቢዋ ማጨብጨብ ጀመረች፤ የቀሩትም ተከተሏት። በዚያ ስክሪን ላይ ከተሰማው ጭብጨባ ሁሉ ይህኛው የሚልቅ ነበር።

በሰርቨሩ ክፍል ቦታው ተለቀቀ። ዘበኛዋ ስም አልባውን ፋይል ወደ አዲስ ስም እንዲቀዳ አዘዘችና እጆቿን በጭኖቿ መካከል አስገብታ ተቀመጠች። አራት ደቂቃ ፈጀ። በዚያ አራት ደቂቃ ውስጥ ቁጣዋ አልበረደም፤ ጸሎት ግን ቀላቀለችበት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ቅጂው አለቀ። መጠኑን ከመጠኑ አስተያየች፤ ገጠመ። ከዚያ በኋላ ብቻ የመዝገቡን ፕሮግራም ዘግታ በአዲሱ ፋይል ላይ አስነሣችው።

ልብስ አጣቢዋን ፈለገች። ወጣች። የግራ እግር፣ ከጉልበት በታች።

ሽማግሌው በኤሌክትሪክ ሠራተኛው ክንድ ተመርተው ከደጁ ደርሰው ነበር። «አነበብሽው?» አሉ።

«አነበብኩት፣ አባዬ። ከጉልበት በታች አራት ጣት ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ‹ስትነካ ትጮኻለች› ብለዋል።»

«እንዲህ ብያለሁ?» ፊታቸው ቀስ ብሎ ጨለመ። «ረስቼዋለሁ። ይህ ባይገኝ ኖሮ ደግሜ አላውቀውም ነበር።» ከዚያም ወንድ ልጃቸው ከመጠበቂያው ክፍል መመለሱን በእርምጃው አወቁና ወደዚያ ዞሩ። «ያጠፋኸው አንተ ነህ?»

«አባዬ፣ የተረከበ ይሰበር ያሉት እርስዎ ነዎት። በግድግዳው ላይ ያጻፉት እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው በትራቸውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መቱ፤ በኮሪደሩ የነበሩ ሠራተኞች ሁሉ ቀጥ ብለው ቆሙ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሲቈጡ ያያቸው ጥቂት ነው።

«ጀሶ ነው ያልኩት! ሰው አላልኩም! ሕጉን አነበብህ፤ ሕጉ ለምን እንደ ተጻፈ ግን ማንንም አልጠየቅህም። የማያውቀውን የሚያጠፋ፣ እርሱ ራሱ ዕውር ነው። እኔ እንኳ ሳላይ ምን እንደምዳስስ አውቃለሁ!»

ዘበኛዋ ግን ነገሩ በዚህ እንደማያልቅ ያወቀችው በዚያው ቅጽበት ነበር። መዝገቡን ወደ ታች ስታወርደው የመጨረሻው የተመዘገበ ሰው እርሷ ከመሄዷ በፊት የነበረው ሆኖ አገኘችው።

«በእነዚህ ሦስት ቀናት የተለኩት የታሉ?» አለች።

መዝጋቢዋ ከሰዎቹ መካከል እጇን እንደ ተማሪ አነሣች። «እኔ አስገብቻለሁ። ማሽኑ አንድ ነገር በእንግሊዝኛ ይልና ‹እሺ› የሚል ቁልፍ ያሳየኛል፤ እኔም እሺ እለዋለሁ።»

«ያለሽ ‹አልተመዘገበም፣ ቦታ የለም› ነው። ስንት ሰው ነበር?»

«ዐሥራ ሰባት።»

«ጀሶአቸውስ?»

መዝጋቢዋ ወደ ሥራ አስኪያጁ አየች። ሌሎችም እንዲሁ አዩ። ትናንት፣ መደርደሪያው ለእንግዶቹ ነጭና ባዶ ሆኖ እንዲታይ ብሎ፣ ዓርብን ሳይጠብቅ ያልተረከበውንም ሁሉ አስሰብሮታል። ስብርባሪው በጓሮ በርሜል ውስጥ ነው።

ዐሥራ ሰባቱን የሚያስመልስ ትእዛዝ በሊኑክስ ውስጥ የለም። በዲስኩ ላይ ከቶ አልተጻፉምና ሥጋም ስምም አልነበራቸውም። ዘበኛዋ ይህን ስታስብ፣ ቅድም ያዳነችው ሁሉ በአፏ ውስጥ መራራ ሆነ።

ከበሩ ተራ የሚያዝበትን ወረቀት አስመጣች፤ ስምና የስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። ከዐሥራ ሰባቱ ስሞች ሥር መስመር አሰመረችና ወረቀቱን በወንድሟ ፊት አኖረችው።

«ደውል።»

«መዝጋቢዋ ትደውል።»

«አንተ ደውል። ‹ልኬታችሁን እኔ አጥፍቻለሁ፤ ተመልሳችሁ ኑ› በላቸው። ‹ሲስተሙ› አትበል። ‹በቴክኒክ ችግር› አትበል። ‹እኔ› በል።»

ወደ አባቱ አየ። አባቱ አያዩትም። ወንበር ሳበና ተቀመጠ፤ ክራቫቱን አላላ፤ ስልኩን ድምፁ ለሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ከፊቱ አስቀመጠችለት።

የመጀመሪያው ሰው በትሕትና ሰማውና «እሺ» ብሎ ዘጋ፤ ከስድብ የከፋ እሺ ነበር። ሁለተኛዋ እናት ናት። «ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ሁለት መኪና ቀይሬ ነው ያመጣሁት» አለች። «ያ ጀሶ ሲደርቅ ልጄ እንዳይንቀሳቀስ ግማሽ ቀን ዘፍኜለታለሁ። አንተ ስትሰብረው ምን ያህል ጊዜ ፈጀብህ?» ስልኩን ከፊቱ ራቅ አደረገው። «እኮ ንገረኝ! ምን ያህል?» አለችው። «አንድ ምት» አለ በመጨረሻ፤ እርሷም የተናገረችውን እዚህ መጻፍ አይገባም።

«ሦስተኛው» አለች ዘበኛዋ።

ደወለ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» የምትለው ቃል በእያንዳንዱ ጥሪ ከጉሮሮው ስትወጣ እሾህ እንዳላት ታስታውቅ ነበር። አራተኛው ሳቀበት። አምስተኛው ቁጥሩ አይሠራም፤ ዘበኛዋ በወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገችበት፤ ያ ሰው በአካል ይፈለጋል ማለት ነው፤ ማን እንደሚፈልገው ለመናገር አላስፈለጋትም። ስምንተኛው ሊቋረጥ በማይችል እርግማን ላይ ሳለ ከግቢው በር የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ አንዱ ተከትሎ ሌላው። ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ሥራ አስኪያጁ እንደ ልማዱ ብድግ አለ፤ እጁም ወደ ክራቫቱ ሄደ። «እንግዶቹ መጥተዋል» አለ፤ ድምፁ ከልመና ያልተለየ ነበር። «የሚቀበላቸው ሰው የለም። ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ እኮ።»

እህቱ ወረቀቱን ወደ እርሱ ገፋችው፤ ጣቷ ዘጠነኛው ስም ላይ ነበር።

«ተቀመጥ» አለችው። «እንግዶቹ ሁለት ሁለት እግር አላቸው። ይቁሙ።»